ግራሶ የሚልሰው መጭመቂያ

አዳማ ዳር ባለች የኑግ ዘይት ፋብሪካ፣ በጥገና ክፍሉ ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የጥገና ኃላፊው አቶ ማንደፍሮና ሒሳብ ልትመረምር የመጣችው የግብር ኦዲተር ወይዘሮ ሰናይት በተከፈተ መስኮት አጠገብ ተፋጠዋል።

ማንደፍሮ፦ ሚካኤልን! ከነገርኩሽ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ከተገኘ ይሄን እጄን የሞተር ቺንጋ ይቀርጥፈው! ላሜራው፣ አንጎላሬው፣ የመዘውሩ ኩሽኔታ፣ ማለስለሻው ግራሶ፣ ሁሉም የገባው ትልቁ መጭመቂያ ሆድ ውስጥ ነው።

ሰናይት፦ አቶ ማንደፍሮ፣ መሐላ አልጠየቅሁዎትም። መጭመቂያውን ያሳዩኝ ነው ያልኩት።

ማንደፍሮ፦ ታይዋለሽ፣ ማን ከለከለሽ? ግን ታሪኩን ሳትሰሚ ብታዪው ብረት ነው የሚመስልሽ።

ሰናይት፦ ብረት አይደለም እንዴ?

ማንደፍሮ፦ ብረትማ ሌላው ነው፤ ይሄ አውሬ ነው! የዚህ ከተማ ሽሮ ግማሹ የሚቁላላው ከእሱ ጉሮሮ በወጣ ዘይት ነው። ግማሹ ስልሽ አሳንሼልሽ ነው። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጡ ባለሙያዎች አዩትና ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ይሄ ሞቷል፣ ቅበሩት» ብለው ሄዱ። እኔ እጅጌዬን ሰበሰብኩና...

ሰናይት፦ ላቋርጥዎት። ፋብሪካችሁ ዘንድሮ ይህን ሁሉ ዕቃ ለማሽን ጥገና ገዛሁ ብሎ፣ ሲገዛ የከፈለው ቫት እንዲቀናነስለት ጠይቋል። ዕቃው ማሽን ውስጥ ከገባ ይገባዋል፤ ሌላ ቦታ ከዋለ አይገባውም። የመጣሁት ለዚህ ብቻ ነው።

ማንደፍሮ፦ ሌላ ቦታ የት ይውላል?

ሰናይት፦ ከመንገዱ ማዶ። የፋብሪካው ባለቤት ሆቴል እያሠሩ ነው። ደረጃው ላሜራ፣ የበረንዳው ድጋፍ አንጎላሬ ነው። ስመጣ አየሁት፤ ያምራል።

ማንደፍሮ፦ እንግዲህ ላሜራ በታየበት ሁሉ የእኛ ነው? «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ!

ሰናይት፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉም አሉ። ይልቅ ይሄን ያስረዱኝ፤ ግራሶው በዛብኝ። አንድ መጭመቂያ ይሄን ሁሉ ይጨርሳል?

ማንደፍሮ፦ ይሄን ሁሉ? ይሄማ ለቁርሱ ነው! ጠዋት አንድ በርሜል ካልላሰ አይነሳም፤ ማታ ደግሞ ሌላ በርሜል።

ሰናይት፦ በቀን ሁለት በርሜል?

ማንደፍሮ፦ በፍስክ ነው ሁለት። ጾም ሲገባማ ሦስት፤ አገሩ ሁሉ ዘይት ዘይት ይላላ!

ሰናይት፦ ታዲያ በደረሰኝ ያቀረባችሁት የዓመቱ ግራሶ ለሳምንት አይበቃውም። የቀረውን ያለ ደረሰኝ ነው የምትገዙት?

ማንደፍሮ፦ እ?

ሰናይት፦ ያለ ደረሰኝ መግዛት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ልመዝግበው?

ማንደፍሮ፦ ኧረ ተይ የኔ እህት! በርሜል ስልሽ ትንሿን በርሜል ማለቴ ነው።

ሰናይት፦ ምን ታክላለች?

ማንደፍሮ፦ ያቺ... የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አለች አይደል?

ሰናይት፦ እሷ በቀን ሁለቴ?

ማንደፍሮ፦ ሲያሰኘው። እንጂ ስግብግብ አይደለም፤ ጨዋ ነው።

ሰናይት፦ አውሬው ጨዋ ሆነ። እሺ፣ ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው ይህ ሁሉ ዕቃ የገባለት? ብልሽቱ ምን ነበር?

ማንደፍሮ፦ ብልሽት? በማን እጅ? እኔ ከያዝኩት ወዲህ አንዲት ቀን ቆሞ አያውቅም!

ሰናይት፦ ካልተበላሸ ምኑን ጠገናችሁት?

ማንደፍሮ፦ ሳይበላሽ ነዋ! ተበላሽቶማ ማንም ይጠግነዋል። ጥሩ ሐኪም በሽታው ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው የሚያባርረው።

ሰናይት፦ «ሞቷል፣ ቅበሩት» የተባለውስ?

ማንደፍሮ፦ እሱ... ከእኔ በፊት በነበረው ሰውዬ ዘመን ነው።

ሰናይት፦ እጅጌዎን የሰበሰቡትስ?

ማንደፍሮ፦ አንቺ ልጅ፣ አንድ ቃል እንኳ መሬት አትጥዪም?

ሰናይት፦ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። ከዕቃው ጥቂቱ ለትንንሾቹ መጭመቂያዎች ውሎ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ እሱም ጥገና ነው፣ እቀበላለሁ።

ማንደፍሮ፦ ለእነሱ? እነዚያ ጫጩቶች ምን ይበላሉና? እነሱን እኔ በግልምጫ ነው የማስነሳቸው! የትልቁን ልብስ ለሕፃን ታለብሺያለሽ? አንድ ብሎን አልነካቸውም። ጻፊው፤ ሁሉም ለትልቁ ነው!

ሰናይት፦ ጻፍኩት። መውጫ ሰጥቼዎት ነበር።

ማንደፍሮ፦ ምን አልሽ?

ሰናይት፦ ምንም። ከመጋዘን አዲስ ኩሽኔታ የሚወጣው አሮጌው ሲመለስ ነው አሉኝ። አሮጌዎቹን ያሳዩኛ።

ማንደፍሮ፦ ቆራሌው ወሰዳቸው።

ሰናይት፦ ቆራሌው? በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው? በጀርባው ተሸክሞ?

ማንደፍሮ፦ የዚህ ሰፈር ቆራሌው አጥንቱ ሌላ ነው። አንድ ቀን የባቡር ሐዲድ ተሸክሞ...

ሰናይት፦ በምን ለወጣችሁ?

ማንደፍሮ፦ በሳፋ።

ሰናይት፦ የአንድ ፋብሪካ አሮጌ ብረት በሳፋ?

ማንደፍሮ፦ ትልቅ ሳፋ ነው። ሕፃን ያስዋኛል።

ሰናይት፦ ይነሡ፣ ወደ መጭመቂያው እንሂድ።

ማንደፍሮ፦ በዚህ ጫማ? ወለሉ እኮ ዘይት ነው። ባለፈው አንድ የባንክ ሰው እንዳንቺ ልይ ብሎ ገብቶ፣ ከበሩ እንደተንሸራተተ የያዝነው በጓሮ በኩል ነው።

ሰናይት፦ ጫማዬን አወልቃለሁ።

ማንደፍሮ፦ ደግሞ እንግዳ ሲያይ ያኮርፋል። ስሚው እስቲ፣ ሲያጉረመርም አይሰማሽም?

ሰናይት፦ የምሰማው ጄኔሬተር ነው።

ማንደፍሮ፦ ጆሮዬን ያደነቆረኝን ድምፅ እኔ ላጣው?

ሰናይት፦ አቶ ማንደፍሮ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆንብን ፈራሁ።

ማንደፍሮ፦ ቆይ፣ ቁጭ በይ... ቁጭ ይበሉ፣ ወይዘሮ ሰናይት።

ሰናይት፦ «አንቺ» ቀረ?

ማንደፍሮ፦ ይስሙኝ። ዕቃውን ተረክቤ ማሽን ላይ አዋልኩ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አልቀበልም ካሉ ባለቤቱ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማንደፍሮን ጠይቁት» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ለጡረታ የቀረኝ አንድ ክረምት ነው። በሌብነት ተባርሬ ልውጣ?

ሰናይት፦ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ነዋ። ዳዋው ካልተናገረ ግን አይጧን ማን ያገኛታል?

ማንደፍሮ፦ ዳዋ አፍ አለው?

ሰናይት፦ እርስዎስ አፍ አላጡም። አሁን የሚነግሩኝን ብቻ እጽፋለሁ፤ እስካሁን ያሉትን እሰርዘዋለሁ። ዕቃው የት ገባ?

ማንደፍሮ፦ መጭመቂያው ውስጥ! አንዴ ከአፌ ወጥቷል! ማንደፍሮ ቃሉን አያጥፍም። እኔን ካላመኑ ምስክር አለኝ። ያውልዎት አባባ ቱፋ፣ ዘበኛው፣ ጥላው ሥር። እሳቸው እንኳን ለሰው ለጅብም አይዋሹ! አባባ ቱፋ! ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉማ! እኔና ትልቁ መጭመቂያ ምን እንደሆንን ለእንግዳዋ ይንገሩልኝ! እኔ እንዳልናገር ጉራ ይሉኛል!

ሰናይት፦ እንደምን ዋሉ አባቴ? ... አዎ። ... መቼ? ... እሺ። ... እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ይመለሱ።

ማንደፍሮ፦ ምን አሉ? ድምፃቸው ለጆሮዬ አነሰ። ነገሩዎት አይደል? ለዚያ ማሽን ስል ያልሆንኩት እንደሌለ ነገሩዎት?

ሰናይት፦ ነገሩኝ። «አምና ተሽጦ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲወጣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እስከ አስፋልቱ እየተከተለ ያለቀሰለት ግን ማንደፍሮ ብቻ ነበር» አሉኝ።