ጄኔሬተር ጠባቂው የሞተ ቀን

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ልጄ፣ ቴሌቪዥን ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ፊቱ የሚታየው ነው፤ እሱ ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ወንበር ይለቅለታል። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ኬብል እጎትታለሁ፣ መብራት ተሸክሜ እቆማለሁ፣ ጄኔሬተር እጠብቃለሁ። ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ ያልተንከባለልኩበት አቧራ የለም። እና ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ይለኛል፣ "ቴሌቪዥን ላይ ነኝ" እላለሁ፣ "ታዲያ አንድ ቀን አይተንህ አናውቅም!" ይለኛል፣ "ያያችሁኝ ቀን እባረራለሁ" እለዋለሁ። እውነቴን እኮ ነው! የእኛ ሥራ አለመታየት ነው። ጥላህ እንኳ ካሜራው ውስጥ ከገባ ዳይሬክተሩ "የማን ጭንቅላት ነው!" ብሎ አገር ያናውጣል።

አንዴ ዓለም ጤና ከተማ ዳር አንድ ትልቅ የሽንኩርት ገበሬ ስንቀርጽ እኔ ማይክ ይዤ መሬት ላይ ተኛሁ፣ ከሽንኩርቱ ክምር ጀርባ፣ እንዳልታይ። ጋዜጠኛዋ "መስኖው ምን ጠቀመዎት?" ትላለች። ሰውየው እሷን ትተው እኔን ያያሉ። "መስኖው፣ አባባ?" "ቆይ እስቲ" አሉ፣ "ይሄ ሰው መሬት ተኝቶ እኔ ወንበር ላይ ምን እናገራለሁ? ኧረ ተነስ አንተ ሰው! በፈጠረህ!" ተነስ፣ አልነሳም፣ ተነስ፣ አልነሳም፤ በመጨረሻ እሳቸውም ወርደው አጠገቤ ተኙ። ቃለ መጠይቁ ተጋድመን አለቀ። ሃ ሃ!

ልጅህን ወደዚህ ወደ ጥላው ሳባት እስቲ፣ እንደተኛች ፀሐይ መጣባት። አዎ፣ እንደሱ። ምን ነበር ያልኩህ? አዎ፣ የሞትኩ ቀን። ይሄን ነገር ባለፈው አንተ ቤት የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሚስቱን ቀብሮ ለመጣ ሰው ይሄ አይወራም፣ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። አሁን ግን ላውራልህ። የዚህኛው ሟች እኔ ስለሆንኩ ፈቃዱ በእጄ ነው።

ድራማ ነው። የሠርግ ትዕይንት ልንቀርጽ ወለንጪቲ ወረድን፣ እናቴ ግቢ። ግቢው ሰፊ ነው፣ እናቴም ፈቅዳለች። "ይቀረጽ" አለች፣ "የአንተን ሠርግ ለማየት አልታደልኩም፣ የሰው እንኳ ልይ።" እንዲህ ናት እናቴ፤ ፈቃድ ስትሰጥም ትወጋሃለች። ታዲያ የቀረጻው ቀን ማለዳ ሚኒባስ ይዛ አዳማ ሄደች፣ ፀጉሯን ልትሠራ። "እኔም በሠርጉ መሃል ልታይ እችላለሁ፣ አይታወቅም" ብላ።

እኛ ከሠፈሩ እድር ድንኳን ተውሰን ተከልን፣ አግዳሚ ደረደርን፣ አበባ አሰርን። ሁሉ ነገር ሞልቷል፣ ሙሽራው የለም። የሚጫወተው ልጅ ማለቴ ነው። ሲደወልለት "መኪና ተበላሽቶ አዋሽ ላይ ቆሜያለሁ" አለ። ዳይሬክተራችን መስፍን የሚባል ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ሐሳብ ሲመጣለት ሰው ይጎዳል። ግቢውን ሁለቴ ዞረና "ይሙት!" አለ።

"ማን?"

"ሙሽራው! በሠርጉ ዋዜማ ሞተ። እንዲያውም ይሄ ይበልጣል። ሠርግማ ማንም ይቀርጻል።"

እና ወዲያው አበባው ወረደ፣ ሙሽሪት ጥቁር ለበሰች፣ ዘፋኙ "በቃ ሂድ" ተባለ። ድንኳኑ እንደሆነ ያው ነው፤ ሠርግም ለቅሶም አንድ ድንኳን ነው። ታዲያ መስፍን "የሟች ፎቶ! ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ!" አለ። የልጁን ፎቶ ከየት እናምጣ? አንዱ ወደ ቤት ገባና ከእናቴ ግድግዳ ላይ አውርዶ አመጣ። እኔ ነኝ። ኮት ለብሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ።

"መስፍን፣ ኧረ ይሄ እኔ ነኝ!" አልኩት።

ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። "ለሟችነት ይሆናል" አለ። "ደግሞ ከሩቅ ነው የምናነሳው። ማን ያውቅሃል?"

እውነቱን ነው፣ አዲስ አበባ ማንም አያውቀኝም። ወለንጪቲ ግን ውሻው ሳይቀር ያውቀኛል! ይሄ ለእሱም አልታየው፣ ለእኔም አልታየኝ። "ታደሰ፣ ሂድ ጄኔሬተሩን አስነሳ" ተባልኩ፣ ሄድኩ። ጄኔሬተር ድምፁ ቀረጻ ያበላሻል፤ ስለዚህ ከጎረቤት አጥር ጀርባ፣ ራቅ አድርገን ነው የምናስቀምጠው። እኔም እዚያ ጀሪካን ላይ ቁጭ አልኩ። ድርርርር ይላል፤ ሰማይ ቢወድቅ አልሰማም።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልመልስህ። ይሄን በኋላ ከተቀረጸው ላይ ነው ያየሁት። እናት ሆና የምትጫወተዋ ተዋናይት ለቅሶ ላይ ማንም አይደርስባትም። አንዴ "ልጄን!" ስትል ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ቤቷ ሆና ሰማች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየጮኸች መጣች። የእኛን ሰው ታውቀው የለ? ማን ሞተ ብሎ ጠይቆ አይገባም፤ አልቅሶ ይገባል፣ ከተቀመጠ በኋላ አጠገቡ ያለውን "ለመሆኑ ማነው?" ይላል። እትዬ በላይነሽም ደረቷን እየመታች ገባች፣ ቀና ስትል ፎቶዬን አየች።

"ታዴዬን! ዲሼን የሚያስተካክልልኝን! ታዴዬን!"

የሙሽራው ስም በድርሰቱ ላይ ሌላ ነው፤ ተዋናይቷ ግን መስፍን እንደገና የቀየረው መሰላትና እሷም "ታዴዬን!" ብላ ተቀበለቻት። አለቀ! ሠፈሩ በሙሉ ገባ። ካሜራ ያየ የለም፤ ያየም ካለ "ቴሌቪዥን ቤት አይደል የሚሠራው፣ ባልደረቦቹ ሊቀርጹት መጡ" አለ። መስፍን ካሜራማኑን "እንዳታቆም፣ እንዳታቆም፣ ቅረጽ!" ይለዋል። እና ልጄ፣ ምን ብለው እንዳለቀሱልኝ ታውቃለህ? ስለ ሥራዬ አንድ ቃል የለም። "ዲሼን!" "የሬዲዮዬን ባትሪ!" "አንቴናዬ ላይ ማን ይወጣል!" ይሄው ነው ሕይወቴ፣ ሃ ሃ!

እኔ ጀሪካኔ ላይ ነኝ። ኦቦ ቱሉ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ በአጥሩ በኩል እየነፉ መጡ። ጥሩምባው ከጄኔሬተሩ ይበልጣል።

"ኦቦ ቱሉ! ማን ሞተ?" አልኳቸው።

"ታደሰ።"

"የትኛው ታደሰ?"

"የእትዬ አስካለ። የቴሌቪዥኑ።"

"እኔ እኮ ነኝ!"

ቆመው አዩኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እኔ ከእድሩ ዳኛ የታዘዝኩትን ነው የምነፋ" አሉ። "ቅሬታ ካለህ ለዳኛው አመልክት።" ነፉና አለፉ! እምቢዬው! ይላል ጥሩምባው። "የእትዬ አስካለ ልጅ ታደሰ አርፏል፣ ውጡ!" እያሉ ሄዱ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። ይሄን ጊዜ ከአዳማ ሚኒባስ ላይ ናት። ደም ብዛት አለባት፣ ከእኔ በቀር ልጅ የላት። ይሄን ጥሩምባ መናኸሪያ ስትወርድ ከሰማች እውነተኛ ድንኳን ያስፈልገናል። ጄኔሬተሩንም ጀሪካኑንም ትቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

መናኸሪያ ስደርስ ለካ ቀድመውኛል። ሰው መርዶ በመንገድ ላይ እንዳይሰማ አይደል የምንጨነቀው? ዳኛው እትዬ በላይነሽን ከሴቶች ጋር ልከዋል፣ ከሚኒባስ እንደወረደች ይዘው ሌላ ቤት እንዲያስገቧት። በወጉ እስክትረዳ ድረስ። እናቴ መሃል ቆማለች፣ ፀጉሯ አምሮ ተሠርቷል፣ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘዋታል።

"ምን ሆናችሁ ነው የያዛችሁኝ?"

"ምንም። እኛ ቤት ትንሽ አረፍ በይ ብለን ነው።"

"ቤቴ እያለ?"

"ቤትሽ አቧራ ነው።"

"ነጠላሽን ለምን ዘቀዘቅሽው፣ በላይነሽ?"

"ሙቀት ነው።"

"ዓይንሽስ?"

"ሽንኩርት።"

ያኔ የእናቴን ፊት አየሁ። እሱን ለአንተ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ።

"እማዬ!" ብዬ ሴቶቹን እየገፋሁ ገባሁ። እትዬ በላይነሽ ዞር ብላ በሁለት እጇ ደረቴን ገፋችኝ። ቀስ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ "ዞር በል አንተ! ገና አላረዳናትም!" አለችኝ።

"እትዬ በላይነሽ፣ እኔ ነኝ።"

"አውቄያለሁ፣ ኋላ ትመጣለህ፣ አሁን ዞር…" አለችና ቆመች። እግሬን አየች፣ ፊቴን አየች። "ታደሰ?"

"አቤት።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የሞትከው?"

"አይደለሁም።"

"ፎቶህ አለ እኮ!" ብላ ተከራከረችኝ! እንዲህ በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም።

እናቴ አልወደቀችም። መናኸሪያው መሃል ቁጭ አለችና ቁርጭምጭሚቴን ያዘች። ሚኒባስ ጡሩምባ ያሰማል፣ ረዳቱ "እናት፣ መንገድ!" ይላል፣ አትለቅም። ከዚያ ተነሳችና በያዘችው ጃንጥላ ጀርባዬን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። "የት ነበርክ?"

"ጄኔሬተር እየጠበቅሁ።"

"ጄኔሬተር ያንሳህ!" ብላ ደገመችኝ። ይጣፍጥ ነበር፣ ልጄ። ዱላ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ተያይዘን ወደ ግቢ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ። ትቼው የሄድኩት ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ድንኳኑ ውስጥ መብራት የለም። መስፍን "ታደሰ! ታደሰ የት ሄድክ? ታደሰ!" እያለ ሲጮህ ለቀስተኛው እንደሱ ያዘነ ሰው አላየም። ሦስት ጎረምሶች እጁን ይዘውታል፣ ሸሚዙን ከፍተው ያራግቡለታል፣ አንዷ ውኃ ፊቱ ላይ ትረጫለች። "አይዞህ ወንድሜ፣ የእግዜር ሥራ ነው።" "ልቀቁኝ! ታደሰን ጥሩልኝ!" "ከዚህ በኋላ ቢጠሩት አይሰማም፣ ወንድሜ።" በዚህ መሃል እኔ ገባሁ።

አንዱ በድንኳኑ ሥር ሾልኮ ወጣ። ተዋናይቷ "ይሄስ የትኛው ትዕይንት ነው?" አለች። መስፍን አየኝና ምን አለ መሰለህ?

"መብራት!"

እህህህ… ቆይ፣ ዓይኔን ልጥረግ።

ታዲያ ሰው ሲገባው ተቆጣ። ጎረምሶቹ ካሜራውን ሊቀሙ ተነሱ። ሽሮ ወጥ ተሠርቶ መጥቷል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ ሱቅ ተዘግቶ ተመጥቷል። ያኔ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገለታ በከዘራቸው አግዳሚውን መቱ። "ጨሊሳ! ዝም በሉ!" አሉ። "ታደሰ፣ አካም ጅርታ?"

"ደህና ነኝ፣ ኦቦ ገለታ።"

"ደህና ከሆንክ ጥሩ። ግን እድር ወጥቷል። ድንኳን ቆሟል፣ ጥሩምባ ተነፍቷል፣ ተለቅሷል። ይሄ ተመልሶ ዕቃ ቤት አይገባም። የአንተ በዚህ ተወስዷል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ስትሞት ሁለተኛ አትጠይቀንም ማለት ነው።"

እናቴ ብድግ አለች። "ልጄ ሳይሞት?"

"እሱ እንደፈለገ። እኛ ሥራችንን ሠርተናል።"

"እንግዲያው ጥሩምባውን መልሱ! ቢያንስ ጥሩምባው ለኋላ ይቆይለት!" ብላ ተከራከረች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የጎረምሶቹም ቁጣ በዚያው በረደ፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን በላን። የራሴን ንፍሮ በላሁ፤ ጨው አንሶት ነበር።

ድራማው ታየ። ሰው ሁሉ "እነዚያን አልቃሾች ከየት አመጣችኋቸው?" አለ። መስፍን ሽልማት እንዳገኘ ሰው ደረቱን ነፋ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወደ ጄኔሬተሬ ተመለስኩ፤ የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ስታልፍ ዓይንህን ካርገበገብክ አታገኛትም። ግን ስንቱ ታዋቂ ሲለቀስለት ሳይሰማ ቀረ፣ እኔ ሰማሁ። ዲሽ ላይ መውጣቴን ሰው እንደዚያ ይወደው ኖሯል።

ችግሩ አሁን ነው። ኦቦ ገለታ ሲቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ ባለፈው ወለንጪቲ ሄጄ አዲሱን ዳኛ ብጠይቀው "የእርስዎ ተወስዷል፣ ጋሼ" አለኝ፣ ፊቱ ሳይፈታ! ታዲያ ስሞት ማን ያለቅስልኛል? አንተ ትስቃለህ? ሳቅ፣ ሳቅ። ብቻ ልጅቷን እንዳትቀሰቅሳት።

"እኔ አለቅስልዎታለሁ፣ ጋሽ ታደሰ" አልኳቸው፣ የተኛች ልጄን እንዳቀፍኩ።

"እውነት?"

"እውነት። ግን እኔ ማን እንደሞተ ጠይቄ ነው የምገባው።"