ቴስተር የማይለካው ሕመም

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ። ጋሼ ቁልፍ፣ አንተም ወደ በሩ አትይ፤ ዛሬ የጡረታ ሽኝትህ ነው፣ ማምለጥ የለም።

አዲሶቹ አታውቁም እንጂ ይሄ ሰው እዚህ ሳሙና ፋብሪካ የገባ ቀን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፋብሪካውን ቀጥ አድርጎ አቆመው። ዋናውን ማጥፊያ አጠፋ፣ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ጓጉንቸር ቆለፈበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና መሰላል ሥር ቆመ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ እየሮጡ መጡ።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ክፈት አሁኑኑ!»

«ላይ ያለው ሰው ሳይወርድማ አልከፍትም።»

ላይ ሽቦ ስቀጥል የነበርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሰማሁትን ስድብ እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንኳ አልደገምኩላትም። ጋሼ ቁልፍ ያልነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለቤቱ እዚህ አለች፣ ትመስክር፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ የካውያውን ሶኬት ሳይነቅል አይተኛም። አምፖል ሲገጥም ቀኑን በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። ሲቃጠል ደግሞ ያዩት እንደሆነ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። «ይቺ እኮ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር» ይላል።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን አሁን ልናደድ ነው፣ ይቅርታም አልጠይቅም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የዕቃ ማንሻው ሰንሰለት ተበጥሶ ነበር። ቢሮ «ነገ ይጠገናል» አለ። ነገ አልመጣም፣ የፓምፑ ሞተር ግን ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ ነበረበት፣ በዚህ ሰው ጀርባ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወገቡ እስከ ግራ እግሩ ያቃጥለዋል። ክሊኒኩ ራጅ አንሥቶ «ምንም አይታይም» አለው። ቢሮ «ሰበብ ነው» አለ። እኛስ? ጠረጴዛ ተደግፎ ሲነሣ «ሽማግሌው ተነሣ» እያልን ሳቅን። እኔም ብያለሁ።

እስቲ እናንተ ኤሌክትሪሺያኖች ንገሩኝ፤ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር በዓይኑ ያየ ማነው? ሳናየው እንፈራዋለን፣ ሳናየው ጓንት እናጠልቅለታለን። የዚህ ሰው ሕመም ግን ስላልታየን የለም አልን። ሌላ ሰው ቢለው እሺ። ከእኛ ግን ነውር ነው።

አምና አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በኪስ የምትያዝ መሣሪያ ለሦስት ሳምንት አዋሰችው። መርፌ የላት፣ ቀዶ ጥገና የላት። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ነገሮች ለነርቩ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ ትልካለች። ሴትዮዋ አላታለለችውም። «የሚረዳው ሰው አለ፣ የማይረዳውም አለ፣ ሞክረን እናያለን» አለችው። ልቡ ላይ የተገጠመ መሣሪያ እንዳለና እንደሌለም አስቀድማ ጠየቀችው።

እሱ ደግሞ ፈራ። «ዕድሜ ልኬን ኤሌክትሪክ እንዳይነካኝ ስሸሽ ኖሬ፣ ጭራሽ በራሴ እጅ ልለጥፈው?» አለኝ። ወደ ጥገና ክፍል ይዟት የመጣው አይዞህ እንድንለው ነበር።

እኛ ምን አደረግን? ብሎኗን ፈታን። ባትሪዋን አየንና «ይቺ አምፖል እንኳ አታበራም» አልን። ቴስተር ደቀንባት፣ ምንም አላነበበም። «ባዶ ናት፣ መልስላት» አልነው፣ ተሳሳቅን። በማግስቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይለጥፋት መለሰላት።

ባለፈው ወር ለትከሻዬ እሷው ዘንድ ሄጄ፣ እንደ ጀብዱ አወራሁላት። ሰማችኝና «ለግድግዳ ሶኬት በተሠራ መለኪያ ነው የለካችኋት?» አለች። «የእሷ የኤሌክትሪክ ምት በጣም አጭር ነው፣ የእናንተ ዕቃ አይዘውም። ደግሞስ አምፖል እንድታበራ ማን አዘዛት?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በእኛ አዋቂነት ይሄ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሞክራት ጥርሱን ነክሶ ሠራ።

እንደገና እንዲታይ ደብዳቤ ስንጠይቅ ደግሞ የሰው ኃይል ኃላፊው «ጡረታ ሊወጣ አይደል? ሲያርፍ ይሻለዋል» አለን። ሞተር ቢሆን ኖሮ ሳይጠገን ከግቢ አይወጣም ነበር። ትናንት ቢሮው ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ካልፈረምክ አልወጣም አልኩት። ፈረመ። እዚያ ጥግ ተቀምጦ እየሰማኝ ነው፣ ይስማ።

ጋሼ፣ በገባህ በመጀመሪያው ቀን፣ ስሜን እንኳ ሳታውቅ፣ እንጀራህን አስይዘህ ለእኔ ነፍስ ቆምክ። እኔ ደግሞ አንተ አሞኛል ስትል ሳቅኩብህ። በሰው ፊት ስለሳቅኩ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ለእኔም፣ ለልጆቼም አመሰግንሃለሁ፤ አባት ያላቸው በአንተ ነው።

ከባለሙያዋ ጋር ቀጠሮህ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ብትፈልገኝ አብሬህ እሄዳለሁ። እምቢ ብትልም ጀርባው ያንተ ነው። መሣሪያዋን ሞክረሃት ካልረዳችህ አልረዳችኝም በል። ከእንግዲህ ሰበብ ነው የሚልህ ካለ ከእኔ ጋር ነው።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። አይ፣ እናንተ አትነሡ፣ ቁጭ በሉ። እናንተ ከቆማችሁ እሱም ይቆማል፣ አውቀዋለሁ፤ እያመመው፣ ፈገግ ብሎ ይቆማል። ሥራ አስኪያጁም ይቀመጡ እባክዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ ጋሼ፣ የልጅ ልጆችህን ታቅፈህ የምትስቅበት ጀርባ ይስጥህ።

ተቀመጥ ጋሼ። እንደሚያምህ እናውቃለን።