ባለሰንሰለቱ ትራክተርና የአጎት ቅናት

«ባለጎማው» የሚባሉት አዛውንት ገበሬ ሃያ ዓመት ሙሉ በአካባቢው ብቸኛው ባለትራክተር ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት የተቀደደ ጎማ ሊያስጠግኑ ጋራዥ ሲገቡ የወንድማቸውን ልጅ አገኟት። የግብርና ትምህርቷን ጨርሳ በጎማ ፋንታ በሰፊ የብረት ሰንሰለት የሚሄድ ባለሰንሰለት ትራክተር ከገዛች ገና አንድ ክረምት ነው። መካኒኩ የእሳቸውን ጎማ ትቶ ለእሷ ብሎን ሲመርጥ አዩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አለች ዝቅ ብላ።

«ደህና። አንቺማ ምን ትሆኛለሽ፤ አገሩ ሁሉ እረሺልኝ ብሎ ደጅሽ ተሰልፎ።»

መሪ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ባዕድ ቢበልጣቸው ኖሮ እንዲህ ባላመማቸው ነበር።

«ያ ብረት ለበስ መኪናሽ» አሉ «ለጦርነት እንጂ ለእርሻ አልተፈጠረም። ክብደቱ አፈሩን ያፍነዋል።»

«ክብደቱስ ከእርስዎ ትራክተር ይበልጣል፣ አይካድም። ግን በሰንሰለቱ ርዝመት ላይ ይከፋፈላል። ሰው ጭቃ ላይ በተረከዙ ሲቆምና ሳንቃ አንጥፎ ሲቆም እኩል ይሰምጣል?»

«ቀርፋፋ ነው።»

«እውነት ነው። አስፋልት ያበላሻል፤ ሰንሰለቱ ሲያልቅም ዋጋው አይቀመስም። ለመንገድና ለጭነት የእርስዎ ይሻላል። እኔ የምለው ለረግረጉና ለተዳፋቱ ነው።»

ለቀናተኛ ሰው ከተቀናቃኙ ትዕቢት ይልቅ ጨዋነቱ ይመረዋል። አዛውንቱም ብሶባቸው «እንግዲያው በዓይኔ አሳዪኝ» አሉ።

ማሳቸው ከእሷ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ ሁለቱም ላይ በቆሎ ቆሟል። እዚያ ሲደርሱ አዛውንቱ ራሳቸው አካፋ ያዙ። ሰንሰለቱ የተመላለሰበትን ቦታ መርጠው፣ ድንጋይ በሆነ እያሉ በልባቸው እየተመኙ ሲወጉት፣ አካፋው እስከ እጀታው ጠለቀ። ወደ ራሳቸው ማሳ ተሻግረው ቢሞክሩ ግን ስንዝር ሳይገባ ነጠረ። አንድ አገዳ ነቀሉ። ሥሩ ትንሽ ወርዶ እንደ መንጠቆ ወደ ጎን ታጥፏል።

ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። «በቆሎዬ ሲቀጭጭ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘር ሻጩን ስረግም ኖርኩ።»

«ጎማ እርጥብ መሬት ላይ በተመላለሰ ቁጥር ከታች ይጠቀጥቀዋል፤ ውሃ አይሰርግ፣ ሥር አይወርድ።»

አገዳውን መሬት ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ‹መሬት ታበላሻለች› ብዬ ያስወራሁብሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሊያሳርሱኝ የነበሩ ሦስት ሰዎች ቀርተውብኛል።»

«አውቀሽ ነው ጎንበስ ብለሽ ሰላም ያልሽኝ?»

«ታዲያ አጎቴን ምን ላድርግ?»

ይህ ከስድብ ይልቅ ከበዳቸው። በዚያው ከሰዓት የሦስቱንም ሰዎች ቤት አንኳኩተው «ዋሽቻለሁ፤ ቀንቼ ነው» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው የወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ረግረጉ እስኪደርቅ የጠበቀ ገበሬ አልነበረም። ባለሰንሰለቱ ሳይሰምጥ በጊዜ አረሰው፤ ሌላው መኪና የሚንሸራተትበትን ተዳፋትም ቆንጥጦ ወጣው። አፈሩ ስላልታፈነ ውሃው ሰረገ፣ በቆሎውም ሥር ሰደደ። ምርቱን ከማሳ ወደ ጎተራ ያመላለሰው ባለጎማው ነው።

ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃቸው ማለት ውሸት ይሆናል። የእሷ ሞተር ከሩቅ ሲሰማ ዛሬም ፊታቸው ይጠቁራል። ምክር ለሚጠይቃቸው ሰው ግን «ውሃ የሚተኛበት ማሳ ካለህ እሷን ጥራ» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «ለጭነቱ ግን እኔን» ብለው ይጨምራሉ።