የዐሥር ዓመት ምስክርነት

የበቆሎው አጨዳ እንዳለቀ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት የፈረሴ የደረት ጠፍር ተበጠሰ። ከጎረቤት በተዋስኩት ጠፍር ጋሪዬን አስጎትቼ ወደ አባባ አትሊ ሽላባክ ዘንድ ሄድኩ። በምንኖርበት በሆልምስ አውራጃ ጠፍር ሠሪ ሞልቷል፤ ስፌታቸው ዐሥር ክረምት የሚቆየው ግን የእሳቸው ነው። ሥራው እስኪያልቅ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ለዝምታ እንኳ አልታማም። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን የሰማሁት ክርክር ለብዙ ሰው የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት እንደሰማሁት ልጽፈው ወደድኩ።

አባባ አትሊ ከጠፍር ሥራቸው ሌላ ሁለት ኃላፊነት አለባቸው። የጉባኤያችንን የመረዳጃ ገንዘብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ የሕፃናቱ ክሊኒክ ቦርድ ሰብሳቢም ናቸው። እኛ አሚሾች፣ በፈረስ ጋሪ የምንሄድ፣ ከዓለሙ ራቅ ብለን የምንኖር ክርስቲያኖች፣ ቁጥራችን ጥቂት ሆኖ እርስ በርስ ስለምንጋባ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ በሽታ አይጠፋብንም። የእኔ ልጅ ማቲ አራት ዓመቷ ነው። ከምትበላው ምግብ ውስጥ አንዱን ነገር ሰውነቷ መፍጨት ስለማይችል፣ ተራ ትኩሳት እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊጥላት ይችላል። እንደ እሷ ያሉትን ልጆች የሚከታተለው ይህ ክሊኒክ ነው። ለትርፍ የቆመ ስላልሆነ በየዓመቱ በምናደርገው ጨረታ ይተዳደራል፤ ሴቶቹ የሰፉት ብርድ ልብስ፣ ወንዶቹ የሠሩት ጠረጴዛ ይሸጥና ገንዘቡ ለክሊኒኩ ይገባል።

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ኮሪን ቫንስ የገባችው አባባ አትሊ የእኔን ጠፍር መስፋት ሲጀምሩ ነበር። እሷ ከእኛ ወገን አይደለችም፤ መኪናዋን ፈረሴ እንዳይደነብር ራቅ አድርጋ ነው ያቆመችው።

“እንደምን አደሩ፣ አባባ አትሊ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ አታስገቢብን።”

“ስለዚያ ወረቀት ነው የመጣሁት። ሦስት ሳምንት ሆነው።”

“አውቃለሁ። መሳቢያው ውስጥ ነው።”

“ፈረሙልኝ?”

“አልፈረምኩም። አልፈርምም።” መርፌውን ከቆዳው ሳቡና፣ “ክፉ አታስቢብኝ፣ ልጄ። አንቺን ጠልቼ አይደለም” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሪን ነርስነት የተማረችው ከመንግሥት ተበድራ ነው። አንድ ሕግ አለ፦ ከመንግሥት ተበድሮ የተማረ ሰው፣ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ሙሉ ጊዜውን እየሠራ መቶ ሃያ ወር በደንቡ ከከፈለ፣ የቀረው ብድር ይሰረዝለታል። ለዚህም አሠሪው “አዎ፣ እኛ ዘንድ ሠርታለች” ብሎ መፈረም አለበት። የመጀመሪያውን ስድስት ዓመት ክሊኒኩን ያቋቋሙት ሐኪም ፈርመውላት ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወደ ደቡብ ሲሄዱ ፊርማው ወደ ቦርዱ ሰብሳቢ ዞረ፤ ኮሪንም ዛሬ ነገ እያለች አራቱን ዓመት ሳታስፈርም ቆየች። ይህ የእሷ ጥፋት ነው፤ እሷም አልካደችውም።

“ችግሬን ልንገርዎት” አለች፤ ቆማ ነበር። “ኮሎምበስ ከተማ ያለ አንድ ኩባንያ የደመወዜን እጥፍ ሊከፍለኝ ጠርቶኛል። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ይህ ወረቀት ካልተፈረመ ዕዳው እንዳለ እኔው ላይ ነው፤ እምቢ ልላቸው አልችልም።”

ይህን ስሰማ ልጄን አሰብኩ። ሆስፒታል ከተኛችበት ጊዜ በቀር ማቲን ሌላ ነርስ ነክቷት አያውቅም።

“ስንት ነበር የተበደርሽው?” አሉ አባባ አትሊ።

“አርባ ስድስት ሺህ ዶላር።”

“ዐሥር ዓመት ከፈልሽ?”

“አንድ ወር ሳላጎድል።”

“አሁን ስንት ቀረሽ?”

“ሃምሳ አንድ ሺህ።”

አባባ አትሊ ወስፌውን አስቀመጡ። “ዐሥር ዓመት ከፍለሽ ዕዳሽ ወፈረ? ምን እያበላሽው ነው?”

“ወለድ ነዋ። የምከፍለው በደመወዜ ልክ ነው፤ ያ ደግሞ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ደመወዜን የሚወስነው ማን እንደሆነ መቼም እርስዎ አያጡትም።”

“እሱ ነው የሚወስነው” የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት በኩል መጣ። ባለቤታቸው እማማ ፋኒ የፖም ኬክ በሳህን ይዘው ብቅ አሉ። “ቁጠባ ይወዳል። የእኔን ጫማ የገዛበትን ዓመት ጠይቂው።”

“ፋኒ፣ ይሄ የቦርድ ጉዳይ ነው።”

“እኔ ኬክ ነው ያመጣሁት፤ ቦርድ አላልኩም።”

አባባ አትሊ ወደ ኮሪን ዞሩ። “ስሚኝ፣ ልጄ። የተበደረ ይከፍላል። አባቴ በዱቤ የገዛት ላም በሳምንቷ ሞተችበት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተች ላም ከፍሏል። ደግሞ ክሊኒኩ መንግሥትን አንድ ሳንቲም ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ስሜን ካኖርኩላቸው ነገ ‘ገንዘባችንን በልታችኋል’ ብለው በሩን ያንኳኳሉ።”

“ለክሊኒኩ ምንም ገንዘብ አይመጣም። ዕዳው የእኔ ነው፣ የሚሰረዘውም ለእኔ ነው።”

“እኔን ግን ዋስ ያደርገኛል። የዋስ ነገር አንገሽግሾኛል። ለፋኒ ወንድም ዋስ ሆኜ ሁለት ፈረስ አጥቻለሁ።”

“ሠላሳ ዓመት አለፈው እኮ፣ አንተ ሰውዬ” አሉ እማማ ፋኒ።

“ፈረሶቹ ግን ጥሩ ፈረሶች ነበሩ።”

ኮሪን ሳቋን ዋጥ አደረገች። “ዋስ አይሆኑም፣ አባባ አትሊ። ምስክር ነው የሚሆኑት። እኔ ዕዳዬን ብክድ እርስዎን የሚጠይቅዎት የለም።”

“እሺ፣ ይሁን። የሚሰረዘው ሃምሳ አንድ ሺህ ግን ከሰማይ አይወርድም። እኛም ግብር እንከፍላለን። ልጆቼ ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው ጠፍር ሰፍተው ነው ቤት የሠሩት። ላልተማሩበት ኮሌጅ ለምን ይከፍላሉ?”

ይህ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰውም ይጠይቀዋል። ኮሪን አልሸሸችውም።

“እውነትዎን ነው። ከግብርዎ ነው፤ አልዋሽዎትም” አለች። አሁን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። “ግን በግብርዎ ምን እንደገዙበት ይስሙኝ። አብረውኝ የተመረቁት ሁሉ ደመወዝ ወዳለበት ከተማ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም ዕዳ ነበረባቸው። እኔ እዚህ የመጣሁት ‘ደመወዝ ባነሰበት፣ ሰው በሚፈልግሽ ቦታ ዐሥር ዓመት ሥሪ፣ የምትችዪውን በየወሩ ክፈይ፣ የቀረውን እንተውልሻለን’ የሚል ሕግ ስላለ ነው። ያ ሕግ ባይኖር ሁለተኛውን ክረምት እዚህ አላይም ነበር። ስለዚህ ምጽዋት አይደለም፤ ውል ነው። የእኔን ድርሻ ፈጽሜአለሁ።”

እማማ ፋኒ ኬኩን እየቆረሱ፣ “አትሊ፣ ያዕቆብ ለራሔል ስንት ዓመት ነው ያገለገለው?” አሉ።

“ሰባት።”

“ሰባቱን ሲጨርስስ?”

“ላባ አታለለውና ሌላ ሰባት አስጨመረው። ምን ለማለት ነው?”

“ምንም። ያ ላባም ቦርድ ሰብሳቢ ይሆን እንዴ ብዬ ነው።”

እኔ ወደ ምድጃው አጎነበስኩ። አባባ አትሊ ግን አዩኝ። “አንተስ፣ ኤርቪን? ዝም ብለህ እሳት ትሞቃለህ። ትስቃለህ ወይስ ሐሳብ አለህ?”

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ነገር ግን ሰኞ ሩቅ አልነበረም።

“ባለፈው ዓመት ማቲ ሆስፒታል ስትተኛ ሂሳቡ ዘጠና ሺህ ዶላር ነበር” አልኩ።

“አስታውሳለሁ። ቼኩን ያደረስኩት እኔ ነኝ።”

“ከዚያ ውስጥ የእኔ ስድስት ሺህ ብቻ ነው። የቀረውን ጉባኤው ነው የከፈለው። እኔ ለማኝ ነኝ ማለት ነው?”

“አንተ ሌላ ነህ። በየዓመቱ ለመረዳጃው ታዋጣለህ። የሰው ጎተራ ሲቃጠል መዶሻህን ይዘህ ትሄዳለህ። ጉባኤው የከፈለልህ ድርሻህን የምትወጣ ሰው ስለሆንክ ነው።”

“ሲስተር ኮሪንስ፣ አባባ? ማቲን ሦስት ጊዜ ትኩሳት ሲይዛት በበረዶው መንገድ ቤታችን ድረስ መጥታለች። ሚስቴን ምን ማድረግ እንዳለባት ያስተማረቻት እሷ ናት። የልጅ ልጅዎም ለደም ምርመራ ክሊኒኩ ሲሄድ ክንዱን የምትይዘው እሷ ናት። ይህ ድርሻ አይባልም?”

እንደሚመስለኝ ብዙ ጊዜ የምንጣላው ከነገሩ ጋር ሳይሆን ከስሙ ጋር ነው። ጉባኤው ሲያደርገው መረዳዳት እንለዋለን፤ ያንኑ ነገር ሌላ ሲያደርገው ልመና ይሆንብናል።

አባባ አትሊ መሳቢያውን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

“የሠራተኛዋ ስም። ሥራ የጀመረችበት ቀን። አሁንም ትሠራለች ወይ? በሳምንት በአማካይ ስንት ሰዓት? ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።” ወረቀቱን ገለበጡት። “ሌላው የት አለ?”

“ምኑ?” አለች ኮሪን።

“ስለ ሕጉ ምን እንደማስብ የሚጠይቀው።”

“የለም።”

“ተመስገን” አሉ እማማ ፋኒ። “የአትሊን ሐሳብ የማይጠይቅ ወረቀት በዕድሜዬ አየሁ።”

አባባ አትሊ መነጽራቸውን አወለቁ። “አንድ ነገር ልናዘዝ” አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። “ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላነበው ነው ያስቀመጥኩት። ከመንግሥት ነው ሲሉኝ፣ በቃ፣ ቆለፍኩበት። እኛ ፍርድ ቤት እንኳ ብንቆም አንምልም፤ ‘አዎ’ ካልን አዎ ነው፣ ‘አይደለም’ ካልንም አይደለም። አሁን እነዚህ ሰዎች ‘ኮሪን እናንተ ዘንድ ሠርታለች?’ ብለው ነው የጠየቁኝ። ዝም ካልኩ አልሠራችም ማለቴ ነው። በሽምግልናዬ ሐሰተኛ ምስክር ልሆን ነበር።”

ብዕር ፈልገው መጻፍ ጀመሩ። ሰዓቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“በሳምንት ስንት ልበል?”

“አርባ ይበሉ። ሠላሳ ከሞላ ለእነሱ ይበቃቸዋል።”

“ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ በየቤቱ ትዞሪ የለም እንዴ?”

“እሱ አይቆጠርም፣ አባባ አትሊ። አርባ ይበቃል።”

“ለእነሱ ይበቃ ይሆናል። እኔ የምፈርመው ያየሁትን ነው።”

ሁለቱ ተቀምጠው ሳምንቱን በጣታቸው ቆጠሩት። አርባ ስድስት ሆነ። አባባ አትሊ አርባ ስድስት ብለው ጻፉ፤ ስማቸውንም ጠፍር እንደሚሰፉ ሁሉ ሳይቸኩሉ ፈረሙ። ኮሪን ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና ኬኳን ሳትበላ ሄደች። ለእማማ ፋኒ ይቅርታ የጠየቀችው ከመኪናዋ ሆና ነው። ሰኞ ለኮሎምበሱ ኩባንያ አልመጣም አለቻቸው።

መልሱ እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ቶሎ አይመለስም። በረዶው ሲቀልጥ ደብዳቤው መጣ፤ የቀረብሽ ዕዳ የለም ይላል።

ከዚያ ወዲህ አባባ አትሊ በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት በሌላው ወገን ቆመው ነው። በየጥር ወሩ ማንም ሳይጠይቃቸው ከአምስቱ ሠራተኞች ወረቀቱን ሰብስበው ይፈርማሉ። አምስተኛዋ የልጆቹን እጅና እግር እንቅስቃሴ እንድታለማምድ ዘንድሮ የተቀጠረች ወጣት ናት፤ በደመወዙ ማነስ ልትመለስ ስትል ስለዚህ ሕግ አስረድተው ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። በጨረታው ዕለት አንድ ጎረቤት “አትሊ፣ የመንግሥት ሰው ሆንክ አሉ” ቢላቸው፣ “የእውነት ምስክር ሆንኩ እንጂ። አንተ ያላነበብከው ወረቀት ቤትህ ስንት አለ?” አሉት።

እኔም ያየሁትን ልምከር። ተበድራችሁ ተምራችሁ እንዲህ ባለ ቦታ የምትሠሩ፣ ብድራችሁ የመንግሥት መሆኑን፣ አከፋፈላችሁም ሕጉ የሚቀበለው መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንደ ኮሪን ዛሬ ነገ ሳትሉ ወረቀቱን በየዓመቱ አስፈርሙ፤ አሠሪ ይሄዳል፣ ይሞታል፣ ይረሳል። እናንተም የምታሠሩ፣ ፊርማችሁን አትሠስቱ። አያስከፍላችሁም፤ ደግ ሠራተኛ ግን ያቆይላችኋል። ኮሪን በየወሩ ለዕዳ ትልከው በነበረው ገንዘብ ዛሬ ከክሊኒኩ በታች ትንሽ ቤት ተከራይታለች፤ ልጅ ሲታመም ሩቅ መንገድ አትነዳም። በእኛ አካባቢ ትኩሳት የያዘው ልጅ ነርስ የሚጠብቀው አሁን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ደብዳቤው በመጣ ሳምንት ማቲን ለደም ምርመራ ወስጃት ነበር። አባባ አትሊ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና በሩ ላይ ቆሙ።

“ኮሪን፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ” አሉ። “እስካሁን ዕዳው ነበር እዚህ የያዘሽ። አሁን የሚይዝሽ ነገር የለም። ልትሄጂብን ነው?”

ኮሪን የማቲን ክንድ እንደያዘች ቀና አለች። “ሰኞ ስምንት ልጆች ቀጠሮ አላቸው፣ አባባ አትሊ። ሄጄ ማን ሊያያቸው ነው?”

አባባ አትሊ በሩን ዘጉ፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ “እንግዲያው ስለ ደመወዝሽ እንነጋገር” ብለው የልጆቹን ትንሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ።