በጣት የተፈረመ ፍቺ

ራሴን በራሴ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ በሽንፋ እንደ እኔ አሳምሮ ውል የሚጽፍ የለም። ትናንት በአውቶቡስ ወደ መተማ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር።

«ከፍቺው ምን ደረሰሽ?»

«ምንም፣ እትዬ። ዳኛው ‹የሰሊጡን መሬትም ትራክተሩንም ለባልሽ ለቀሻል፤ ውሉ የጣት አሻራሽ አለበት› አሉኝ።»

«እውነት ለቀሻል?»

«ሽማግሌዎቹ የዕርቅ ወረቀት ነው ብለው አስፈረሙኝ።»

«ሳታስነብቢ?»

«በሽማግሌ ፊት ‹አንብቡልኝ› ማለት እነሱን መጠርጠር መስሎኝ።»

«ጸሐፊውስ አይነግሩሽም?»

«እሳቸውማ ስለ እጅ ጽሕፈታቸው ማማር ሲያወሩ ዋሉ።»

«ብታዪአቸው ትለያቸዋለሽ?»

«መልካቸውን እንጃ፤ ደረት ኪሳቸው ላይ የሰኳቸውን ሁለት እስክሪብቶዎች ግን አልረሳም።»

ሁለቱን እስክሪብቶዎቼን ከደረት ኪሴ ነቅዬ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።