አልቃሻዋ ዝም ስትል

አንኮበር፣ የገበያ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ገበያተኛ ወደ ቆላ የሚያመላልሰው አንጋፋው ሹፌር ሸዋንግዛው በግቢው ውስጥ ከፎርዊል መኪናው ሥር ተንጋሏል፤ ልትረዳው ከደብረ ብርሃን የመጣችው ልጁ ትርንጎ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ የመፍቻ ቁልፍ ታቀብለዋለች።

ሸዋንግዛው፦ አሥራ ሰባት ቁልፍ አልኩሽ እኮ! ይሄ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ አሥራ ዘጠኝ ነው። «አሥራ ሰባት ነው አሥራ ዘጠኝ?» ብዬ ስጠይቅህ «አዎ» አልከኝ።

ሸዋንግዛው፦ አዎ አልኩ። አሥራ ሰባት ማለቴ ነዋ።

ትርንጎ፦ ለሁለት ጥያቄ አንድ «አዎ» ከሰጠኸኝ የቱን ልውሰድ?

ሸዋንግዛው፦ መኪና ሥር ለተኛ ሰው በሹክሹክታ አይወራም። ከፍ አድርገሽ ተናገሪ።

ትርንጎ፦ ከዚህ በላይ ከፍ ካደረግሁ ጎረቤት ሊገላግለን ይመጣል። እንካ፣ አሥራ ሰባት።

ሸዋንግዛው፦ እህህ... ወገቤን። ድሮ እኮ ይሄን ትራንስፈር ብቻዬን ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር የማወርደው።

ትርንጎ፦ ድሮ የሰፋው ደረትህ ነበር። አሁን ሆድህ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ ምንም።

ሸዋንግዛው፦ ስለ ሆዴ ነው። ከንፈርሽን አይቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ ለነገ የሚደርስ ይመስልሃል?

ሸዋንግዛው፦ ለምን ይፈርሳል? ይሄን ሁሉ ዓመት ያልፈረሰች መኪና!

ትርንጎ፦ ይደርሳል ወይ ነው ያልኩህ! ይደርሳል!

ሸዋንግዛው፦ ይደርሳላ። አሮጌው ይወርዳል፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያመጣሽው ይገባል፣ ጠዋት ሰዉን ጭኜ እወርዳለሁ። ጉልበቷን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው እሱ ነው። ያለ እሱ ያንን ቁልቁለት ማን ይይዛታል?

ትርንጎ፦ ነገ እኔ ልንዳ።

ሸዋንግዛው፦ ምን?

ትርንጎ፦ ነገ እኔ ልንዳ አልኩህ።

ሸዋንግዛው፦ ዛሬ ይሄን ስትይኝ ሦስተኛሽ ነው። አስፋልት ላይ ሚኒባስ መንዳትና የጉሬዛን ኩርባ መውረድ አንድ አይደለም።

ትርንጎ፦ ሁለት ዓመት የነዳሁት ጣርማበር ጭጋግ ውስጥ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ጭጋግ ዓይን ነው የሚፈልገው። የኛ መንገድ የሚፈልገው ጆሮ ነው። ኩርባው ላይ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። ቀድሞ ክላክስ ያደረገ ያልፋል፣ የሰማ ይቆማል። ምልክት የለው፣ ትራፊክ የለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወጣሁትም የወረድኩትም በጆሮዬ ነው።

ትርንጎ፦ እኔም ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ማን ነው የጨነቀው?

ትርንጎ፦ ተወው። ይልቅ ዘይቱን አፍስስ።

ሸዋንግዛው፦ ሳህኑን አቅርቢ። ጠጋ... እዚህ ጋ። ይሄው ተፈታ። ምነው አይወርድም?

ትርንጎ፦ ወረደ እኮ። ይኸው ነው።

ሸዋንግዛው፦ ይሄ ብቻ? ይሄ የሳል ሽሮፕ ማንኪያ አይሞላም!

ትርንጎ፦ ጥቁር ነው። ውስጡም የሚያብለጨልጭ ነገር አለ።

ሸዋንግዛው፦ አምጪው እስቲ። ወይ ጉድ... ብረት ነው። ኩሽኔታዎቹ ተፈጭተዋል። ይሄ ደርቆ ነው የሰነበተው።

ትርንጎ፦ ምን ያህል ጊዜ?

ሸዋንግዛው፦ ክረምቱን በሙሉ። ምናልባትም ካምና ጀምሮ። ሰዉ «አልቃሻ» ያላት እኮ ወዶ አይደለም፤ በቆመችበት ሁሉ ዘይት ስታነባ ነው የከረመችው።

ትርንጎ፦ አልቃሻ ያሏት ለዘይቱ ነው?

ሸዋንግዛው፦ ታዲያ ለምን ይሆናል?

ትርንጎ፦ እሱን በኋላ። መጀመሪያ ልጠይቅህ፤ ኩሽኔታው እንዲህ የተበላ ትራንስፈር ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል?

ሸዋንግዛው፦ የኔ ልጅ ሆነሽ ይሄን ትጠይቂያለሽ? ያላዝናል እንጂ! ቀስ ስትይ ያላዝናል፣ ነዳጅ ስትረግጪ እሪ ይላል። ያንን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ትርንጎ፦ አንድ ቀን ነው የሚጮኸው?

ሸዋንግዛው፦ ለወራት ነው እንጂ። እስኪያልቅ።

ትርንጎ፦ ያንተስ መቼ ነው የጮኸው?

ሸዋንግዛው፦ የኔ... የኔማ አልጮኸም።

ትርንጎ፦ አባዬ።

ሸዋንግዛው፦ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። በይ ክሪኩን ከትራንስፈሩ ሥር ደግፊልኝ። የቀሩትን ቡሎኖች ልፈታቸው ነው።

ትርንጎ፦ ትንሽ ዕረፍ። ላብህ ዓይንህ ውስጥ እየገባ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ካረፍኩ አልነሳም። ሲጨርሱ ነው ማረፍ።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ክሪኩ ተንጋዷል።

ሸዋንግዛው፦ ሁለት ቀረኝ።

ትርንጎ፦ ክሪኩ ተንጋዷል አልኩህ! አትፍታ!

ሸዋንግዛው፦ ይሄን የላይኛውን ያሰበው ሰው እጅ ያለው አልመሰለኝም። የሰው ክንድ እዚህ እንዴት ይገባል ብሎ...

ትርንጎ፦ አባዬ ተው! ውጣ!

ሸዋንግዛው፦ ...ግን ይገባል። ይሄው፣ የመጨረሻውም መጣልኝ...

ትርንጎ፦ ውጣ! ውጣ!

ሸዋንግዛው፦ ኧረ እግሬን! ምን ሆንሽ? ምን ትጎትቺኛለሽ? ወገቤን ሰበርሽው!

ትርንጎ፦ እየው። የተኛህበትን ቦታ እየው።

ሸዋንግዛው፦ ወደቀ እንዴ?

ትርንጎ፦ ትራንስፈሩ ደረትህ የነበረበት ላይ ነው የወደቀው። ውሻው እንኳን ደንግጦ እየጮኸ ነው። አትሰማውም?

ሸዋንግዛው፦ መሬቱ ሲናወጥ ጀርባዬ ላይ ተሰምቶኛል።

ትርንጎ፦ አራት ጊዜ ጮኽኩ። ከጆሮህ እስከ አፌ ሁለት ክንድ አይሞላም ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ውሃ ስጪኝ።

ትርንጎ፦ እንካ። ቀስ ብለህ ጠጣ። ልብስህ አፈር በአፈር ሆኗል።

ሸዋንግዛው፦ ያንቺም።

ትርንጎ፦ የኔም።

ሸዋንግዛው፦ መኪና ሥር ድምፅ ይታፈናል።

ትርንጎ፦ መሪው ላይስ? ገበያ ገበያ ካንተ ጋር የምትሳፈረው እትዬ ደብሪቱ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ ነግራኛለች። ዘይትና ኩሽኔታ ብቻ ሊጠግን የመጣ ሰው አደረግኸኝ እንጂ የመጣሁት ለሱ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ደብሪቱ ምን አለች?

ትርንጎ፦ ባለፈው ገበያ ከፊትህ የመጣው የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ሦስት ጊዜ ክላክስ አደረገ አለች።

ሸዋንግዛው፦ አላደረገም! ድንገት ነው የመጣብኝ። ወርጄም ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ።

ትርንጎ፦ ምን መለሰልህ?

ሸዋንግዛው፦ ምን ይመልሳል? ኮፍያውን አውልቆ አቀረቀረ። ጥፋቱን ያውቃላ።

ትርንጎ፦ አዝኖልህ ነው። የጫንካቸው አሥራ አንድ ሰዎች ክላክሱን ሰምተዋል። እትዬ ደብሪቱ ከኋላ ተወርውራ ትከሻህን ባትይዝህ ኖሮ ገደል ትገቡ ነበር፤ አንድ ስንዝር ነበር የቀራችሁ።

ሸዋንግዛው፦ ትከሻዬን የያዘችኝ ፈርታ መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ፦ ፈርታማ ነው። ወራጅ ሲኖርም ትከሻህን ነው የሚነኩህ፣ አይደል?

ሸዋንግዛው፦ ያከብሩኛል። እንደ ሌላው ሹፌር «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» ብለው አይጮሁብኝም።

ትርንጎ፦ ይጮሁ ነበር። ሰፈራቸውን እያሳለፍክ ብታወርዳቸው ጊዜ ተዉት። አሁን ከኋላህ የሚቀመጠው ሰው ሥራው አንተን መንካት ነው። ተራ አውጥተዋል።

ሸዋንግዛው፦ ተራ?

ትርንጎ፦ ተራ።

ሸዋንግዛው፦ እና ይሄ ሁሉ ሰው እያወቀ ነው ከኔ ጋር የሚሳፈረው?

ትርንጎ፦ ሌላ መኪና የላቸውም። ደግሞም ይወዱሃል። ሁለቱም ነው።

ሸዋንግዛው፦ ደከመኝ፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

ሸዋንግዛው፦ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እሷ ምንም አታውቅም።

ትርንጎ፦ እማዬ?

ሸዋንግዛው፦ እሷ የምታውቀው እኔን ብቻ ነው። ይሄን በር ስገባ ምሳዬ ትኩስ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። አንድ ቀን ቀዝቅዞ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። አልደውልላት፣ ሰዓት አታይ። ልቧ ነው የሚነግራት።

ትርንጎ፦ አባዬ...

ሸዋንግዛው፦ ምነው?

ትርንጎ፦ ይሄን እንኳ ልተውልህ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ከጀመርሽው ጨርሺው።

ትርንጎ፦ አልቃሻ ያሏት ለጩኸቷ ነው። ከቆላ ስትመለስ ከታች ያለውን ድልድይ ተሻግረህ ዳገቱን ስትጀምር ልቅሶዋ እዚህ ግቢ ይሰማል። እማዬ ያኔ ተነስታ ድስቱን ትጥዳለች። አንተ ስትገባ ወጡ ይፈላል።

ሸዋንግዛው፦ ከድልድዩ ጀምሮ?

ትርንጎ፦ ከድልድዩ ጀምሮ።

ሸዋንግዛው፦ ያን ያህል ትጮህ ነበር?

ትርንጎ፦ በፊት በፊትማ ልቧ ነበር የሚነግራት። ካምና ወዲህ ግን ልቧን አሳርፋዋለች።

ሸዋንግዛው፦ ልቧን አሳርፋዋለች! አንቺ ምላስሽ... ኧረ አታስቂኝ፣ ወገቤ አልቻለም።

ትርንጎ፦ ሳቅ። ስትስቅ ይሻለኛል።

ሸዋንግዛው፦ በይ ተነሺ፤ አዲሱ ይግባ። እኔ ከሥሩ አልመለስም። አንቺ ግቢ፣ እኔ አዝሻለሁ።

ትርንጎ፦ ከሥር ሆኜ ስመልስልህ ፊቴን አታየውም።

ሸዋንግዛው፦ ጫማዬን ምቺ። አንዴ ከመታሽ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታሽ አይደለም።

ትርንጎ፦ እሺ። ክሪኩን ግን በደንብ ያዘው።

ሸዋንግዛው፦ ይዤዋለሁ። ከፍ ላድርገው? ...አንድ። እሺ። የካምቢዮው ጥርስ ፊት ለፊቱ መጣ? ...አንድ። ግፊው። ገባ? ...ሁለት። አትታገዪው፤ ብረት በግድ አይገባም። ካምቢዮውን ማርሽ አስገብቼዋለሁ፣ አይዞርም። አንቺ የትራንስፈሩን የኋላ መውጫ በእጅሽ ትንሽ አዙሪ። ጥርስ ጥርሱን ራሱ ይፈልጋል። ቀስ። አሁን ግፊው...

ትርንጎ፦ ገባ! አባዬ ገባ!

ሸዋንግዛው፦ ጫማዬን ገደልሽው! ገባ ማለት ነው። ሲገባ «ቀጭ» ይላል። አለ?

ትርንጎ፦ ወጣሁልህ፣ እየው ፊቴን። አለ። ጥርት አድርጎ።

ሸዋንግዛው፦ ጥሩ። ቡሎኖቹን እሰሪና ዘንጎቹን ግጠሚ። ከዚያ ዘይት፤ ከመሙያው ተርፎ እስኪፈስ ድረስ። አትሰስቺባት።

ትርንጎ፦ አልሰስትም። አንተ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ።

ሸዋንግዛው፦ ተቀምጫለሁ። እጅሽ ደህና ነው። ከኔ ይፈጥናል።

ትርንጎ፦ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ይሄው አለቀ፣ ዘይቱም ተርፎ ፈሷል። ቁልፉን ስጠኝና ልሞክራት።

ሸዋንግዛው፦ እንኪ። እስከ ላይኛው አጥር ሂጂና ተመለሽ። ግቢው አጭር ስለሆነ ሁሉንም ማርሽ አይደርስልሽም፣ የደረሰልሽን ሞክሪ። እኔ እዚሁ ሆኜ ላዳምጣት።

ትርንጎ፦ ይኸው ተመለስኩ። እንዴት ነች?

ሸዋንግዛው፦ ያው ነች።

ትርንጎ፦ ያው ማለት?

ሸዋንግዛው፦ እንደ ወትሮዋ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ያመጣሽው ትራንስፈር ምናልባት...

ትርንጎ፦ አባዬ፣ ዝም ብላለች። ጎረቤቶቹ ምን ሆነች ብለው በአጥሩ ላይ እያዩን ነው። ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሸዋንግዛው፦ ዝም ብላለች?

ትርንጎ፦ ጭጭ።

ሸዋንግዛው፦ ለኔ ትናንትም እንዲሁ ነበረች።

ትርንጎ፦ አዎ።

ሸዋንግዛው፦ እኔ ደህና የያዝኳት መስሎኝ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሥሬ ሆና ስታለቅስ...

ትርንጎ፦ አሁን አታለቅስም።

ሸዋንግዛው፦ አጥፊያትና ቁልፉን ስጪኝ።

ትርንጎ፦ አባዬ፣ ስለ ነገ እኮ አልጨረስንም።

ሸዋንግዛው፦ ቁልፉን አልኩሽ።

ትርንጎ፦ እንካ። ያንተው ነች።

ሸዋንግዛው፦ እናትሽ ግን ከእንግዲህ በምን ታውቃለች?

ትርንጎ፦ ምኑን?

ሸዋንግዛው፦ ድስቱን የምትጥድበትን ሰዓት። መኪናዋ ዝም ብላ ከመጣች።

ትርንጎ፦ ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩ ዳገቱ ይታያል። የሚያይላት ሰው ካለ።

ሸዋንግዛው፦ ዳገቱስ ይታያል። ዓይኔማ ደህና ነው።

ትርንጎ፦ ዓይንህ ደህና ነው። በል አንተ ግባ፣ እኔ ዕቃውን ልሰብስብ። አሥራ ሰባቱ ወዴት ገባ? እዚያ አጠገብህ ይሆናል። አባዬ፣ እስቲ ቁልፉን አቀብለኝ።

ሸዋንግዛው፦ እንኪ።

ትርንጎ፦ ኧረ አሥራ ሰባቱን ነው ያልኩህ! ይሄ እኮ የመኪናዋ ቁልፍ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ሰምቼሻለሁ።