ያልተለካ እግር

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሰርክአዲስን አዝለው ወደ ነአኩቶ ለአብ ጠበል ሲወርዱ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሲሸሿት ከከረሙት ሴት ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ጊዜው የሚሌኒየሙ በዓል ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ሴትዮዋ የትናየት ትባላለች፤ ከላሊበላ እየተነሣች በየቀበሌው የምትዞር፣ የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የምታክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።

ሰርክአዲስ ስትወለድ ምጡ ጠንቶ እናቷን ገደለ፤ የእሷንም አንጎል ጎዳው። ባቷ እየተኮማተረ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ስትራመድ ኖረች። ባለፈው ጥቅምት ከተማ ተወስዳ በቀዶ ሕክምና የባቷ ጅማት ረዘመላት። ተረከዟ መሬት የነካ ዕለት መሪጌታ እንደ ሕፃን አልቅሰዋል።

«የኔታ፣ ልጅቷን ለምን አዘሏት?» አለች የትናየት እጅ ነሥታ።

«ቁልቁለት ነው፣ ልጄ። እሷስ ድናለች፤ ተመስገን።»

«እንግዲያው አረማመዷን ልለካው።»

«ተይ! ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ወረደ። የእግዜር ሥራ በሜትር አይለካም።»

«ኖኅስ መርከቡን በክንድ ለክቶ አይደለም የሠራው? ዳዊት የቆጠረው ሊመካ ነው፤ እኔ የምለካው ስለምፈራ ነው፣ የኔታ።»

«ምኑን ትፈሪያለሽ?»

የትናየት መሬት መሬት አየች። «ባንቺዓለምን ያውቋታል።»

ያውቋታል። የጎረቤታቸው የደግሰው ልጅ ናት፤ ከሰርክአዲስ ጋር በአንድ ሳምንት ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት። አሁን በቂጧ እየተንፏቀቀች ነው የምትሄደው። አገሩ ቡዳ በልቷት ነው ይላል፤ መሪጌታም እንዲሁ ብለዋል።

«ቡዳ አይደለም። አባቷ ‹ደህና ናት› አሉኝ፤ እኔም ሳልለካ ‹ደህና ናት› ብዬ ጻፍሁ። ከቀዶው በኋላ ባቷ ከልክ በላይ ላልቶ ጉልበቷ በየወሩ ይበልጥ ሲታጠፍ የሚያየው አልነበረም። ስደርስ መቆም ትታ ነበር። ይህ የእኔ ኃጢአት ነው።»

ሰርክአዲስ ከዐቢይ ጾም ወዲህ እዘሉኝ ማለት አብዝታለች፤ መሪጌታም ሕፃን ናት፣ ሰነፈች ብለው ልባቸውን ደልለው ነበር። ቀስ ብለው ከጀርባቸው አወረዷት።

የትናየት የልጅቷን እግር በውኃ አርሳ በመንገዱ ዳር ባለ ሜዳማ ዐለት ላይ አስኬደቻት፤ እርጥቡን አሻራ መሪጌታ ራሳቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘው ለኩ። ከቀዶው በኋላ ጀሶው በተፈታ ሰሞን ሐኪም ቤት ሲለካ አርባ ሳንቲ ሜትር የነበረው እርምጃ ሃያ ስምንት ሆኗል። ዐሥር ሜትር ለመሄድ ዐሥራ አራት ሰከንድ ይበቃት ነበር፤ ዛሬ ሃያ ሦስት ፈጀባት። ተረከዟ መሬት ይነካል፤ ጉልበቷ ግን አይዘረጋም።

«ያምሻል እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ፣ አባባ። ዳነች እያሉ ለሰው ሲናገሩ፣ አመመኝ ማለት ፈራሁ።»

ይህን ሲሰሙ ዐለቱ ላይ ተቀመጡ። «ለካስ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ትድናለች ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አልዋሽዎትም፤ ሕመሙ አንጎሏ ውስጥ ነው፣ አይጠፋም። ስታድግ ባቷ እንደገና ሊያጥር፣ ወይም ይብሱን ሊላላ ይችላል። ዐይን ይህን የሚያየው ከመሸ በኋላ ነው፤ ልኬት ግን ቀድሞ ይናገራል። ዛሬ ስላወቅን እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ድጋፍ እናሠራላታለን፤ በየቀኑ ጉልበቷን ይዘረጉላታል፤ በየሦስት ወሩ እለካታለሁ።»

«ጠበሉስ?»

«ያስጠምቋት። እኔ ጠበሉን አልከለከልሁም።»

በዓመቱ ሰርክአዲስ በድጋፍና በምርኩዝ፣ እየተቀመጠች እየተነሣች፣ ትምህርት ቤት ደረሰች። እንደ እኩዮቿ አትሮጥም፤ ወደፊትም አትሮጥም። ዐሥሩን ሜትር ግን በዐሥራ ስድስት ሰከንድ ትሄዳለች፤ ሲያማትም ትናገራለች። መሪጌታም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙና፣ «ወገኖቼ፣ ‹ደህና ናት› በሚል ቃል ልጅ አትሸፍኑ። የተለካ ጉዳት ሳይብስ ይደረስበታል፤ ያልተለካ ግን ተደብቆ ያድጋል። ስለ ባንቺዓለምም ቡዳ ነው ያልሁት ሐሰት ነበር፤ ማሩኝ» አሉ።

የባንቺዓለም አባት ደግሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተና፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ ልጁ ወደተቀመጠችበት ቤት ወረደ።